የበቆሎ ቶርቲያዬ ለምን ይሰነጣጠቃል? (የትራክ ሹፌር ጥያቄ)

ባለ18ጎማ፣ ዳላስ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬዬ ግን ረጅም ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዳላስ ሎስ አንጀለስ ነው የምመላለሰው፤ በአንድ ጉዞ 1,400 ማይል ገደማ። መጀመሪያ አካባቢ ባለቤቴ እንጀራውን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሽሮውንና ምስሩን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ ትሸኘኝ ነበር። እንጀራው በሁለተኛው ቀን ይደርቃል፣ ከፍሪጅ ውጭ ከረሳሁት ደግሞ በአራተኛው ቀን ጢም ያበቅላል። አንድ ቀን ቫን ሆርን ልደርስ ስል አጋዘን መንገድ ገባችብኝና ፍሬን ረገጥኩ። አጋዘኗ ተረፈች። የሽሮው ክዳን ግን ተስፈንጥሮ ከአልጋዬ እስከ ፔዳሉ ድረስ ሽሮ በሽሮ ሆነ። ያንን መኪና እስክሸጠው ድረስ፣ ሙቀት በሆነ ቁጥር ውስጡ የሁዳዴ ጓዳ ይሸት ነበር።

ታኮ፣ ማለትም ቶርቲያ በሚሉት ስስ ቂጣ ላይ ሥጋ ወይ አትክልት አድርገው የሚያጥፉትን የሜክሲኮ ምግብ፣ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ስምንት ሰዓት ከነዳህ የ30 ደቂቃ እረፍት ያስገድድሃል። በዚያች 30 ደቂቃ ውስጥ ሽንት ቤት አለ፣ ጎማ ማየት አለ፣ ቤት መደወል አለ። ለምግብ ቢተርፍ አሥር ደቂቃ ነው። በርገር ሞከርኩ፤ በሁለት ወሩ ጨጓራዬ አመፀ።

ኤል ፓሶ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። ስማቸውን አላውቅም፤ እኔ «ሴኞራ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኢትዮፒያ» ይሉኛል። ያለቻቸው በአንድ በኩል ብቻ የምትከፈት ተጎታች ኩሽና ነች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዓይኔ የቀረው እጃቸው ላይ ነው። እርጥብ ጨርቅ ከለበሰው ሊጥ ሳያዩ ቆንጥረው ያነሳሉ፣ በመዳፋቸው ሁለቴ ያድበለብሉታል፣ በሁለት ፕላስቲክ መሃል አድርገው በብረት መጫኛ አንዴ ጫን ያደርጉታል። ምጣዱ ላይ ይጥሉታል። በጣታቸው ይገለብጡታል፣ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይገለብጡታል፣ ያኔ መሃሉ እንደ ፊኛ ይነፋል። በጣት ጫፍ መታ ሲያደርጉት ይተነፍስና ይተኛል። ከዚያ የተከተፈ ሥጋ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። ሎሚዋ ደግሞ የእኛዋ ናት፤ ትንሿ፣ አረንጓዴዋ፣ ፈረንጅ የማያውቃት። ሦስት በልቼ ወደ መኪናዬ ስመለስ ገና 14 ደቂቃ ይቀረኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አራት ቀን ቤት ዋልኩ። «ዛሬ እራት የኔ ነው» ብዬ ፎከርኩ። የበቆሎ ዱቄት ገዛሁ፣ በሞቀ ውሃ አቦካሁ፣ ጨው ጣል አደረግኩ፣ በድስት ቂጥ ተጫንኩት። ዳር ዳሩ በበጋ እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። ምጣዱ ላይ ልገለብጠው ስል ለሦስት ተከፈለ። ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ቺፕስ ነው?» አለችኝ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ዝም ብላ ቁሌት ጣደች፣ ስብርባሪውን ሰብስባ ጨመረችበትና ፍርፍር አድርጋ አበላችን። ይጣፍጥ ነበር፤ ግን ታኮ አይደለም።

እንግዲህ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሌላው፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ መንገድ ላይ ምን ብዬ ልዘዝ? አሳማ እንዳይገባብኝስ በምን አውቃለሁ? ስፓኒሼ «ትሬስ» እና «ግራሲያስ» ላይ አልቋል።


ጓዳ_ውስጥ፣ ሎስ አንጀለስ

ወንድሜ፣ የገዛኸውን ዱቄት ለገንፎ አድርገው። የሱ ነገር አብቅቷል።

ሜክሲኮዎች በቆሎውን ደረቁን አይፈጩትም። መጀመሪያ ውሃ ላይ ኖራ በጥብጠው ይቀቅሉታል፤ ንፍሮ በኖራ በለው። በዚያው ውሃ ያድራል፣ በማግስቱ ታጥቦ ገለፈቱ ይወጣለታል፣ ከዚያ በእርጥቡ ይፈጫል። ሊጡ እንዲያያዝ የሚያደርገው ያ ኖራ ነው። በቆሎ እንደ ስንዴ የሚሳሳብ ነገር የለውም፤ እናቴ አገር ቤት የበቆሎ ቂጣ ስትጋግር እንኳ ዱቄቱን በፈላ ውሃ ነበር የምታቦካው፣ ያም ሆኖ ቂጣው ወፍራም ካልሆነ ይሰበራል። ደግሞ ለጤናም ነው። አውሮፓውያን በቆሎውን ከሜክሲኮ ወስደው ኖራውን ስለተዉት፣ በበቆሎ ብቻ ይኖር የነበረው የሰሜን ጣሊያን ድሃ ቆዳው እየተላጠ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ። በቆሎው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ያለ ኖራ ለሰውነት አይለቅም።

አንተ ግን ኖራ ፍለጋ አትሂድ። ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ደርቆ በከረጢት ይሸጣል። «ማሳ አሪና» የሚል ፈልግ፤ ዳላስ ውስጥ የማይሸጥበት ሱቅ ብታገኝ ነው የሚገርመኝ። ማሴካ የሚባለው ምርት በየቦታው አለ። ከረጢቱ ላይ «ለቶርቲያ» የሚለውን ውሰድ፣ ለታማል (ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስለው የበቆሎ ሊጥ) የሚሆነው ሸካራ ነው።

2 ስኒ ዱቄት፣ 1 ተኩል ስኒ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኒ ስል የአሜሪካኑን መስፈሪያ ነው እንጂ የቡናውን አይደለም፤ አንዷ ጓደኛዬ በቡና ስኒ ሰፍራ አራት ቶርቲያ አውጥታ ደውላ ወቀሰችኝ። አሸት አሸት አድርገህ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ የፒንግ ፖንግ ኳስ የምታህል አድበልብልና በጣትህ ጫን አድርጋት። ዳሯ ከተሰነጠቀ ውሃ ይፈልጋል፤ በማንኪያ ጨምር። እጅህ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት። ይህቺን ሳታይ ወደ ምጣድ አትሂድ።

የፍሪዘር ከረጢት በሁለት ጎኑ ቅደድና ሊጡን መሃሉ አድርገህ ተጫነው። የብረት ምጣድ ካለህ፣ ቡና የምትቆሉበት ዓይነት፣ እሱን በደንብ አግለው። መጀመሪያ 15 ሰከንድ ያህል፣ ገልብጠው፤ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ገልብጠው። ልክ ከሆነ ያኔ ይነፋል። ካልነፋም ይበላል፣ አትደንግጥ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር፦ ከምጣድ እንዳወጣኸው አትብላው። በጨርቅ ጠቅልለህ ክዳን ባለው ነገር ውስጥ ደራርበው፣ አሥር ደቂቃ በራሱ እንፋሎት ይለስልስ። እኔ ትንሿን ሞሶብ ነው የምጠቀመው። አብራን የምትሠራ የፑዌብላ ሴት ቤቴ መጥታ ስታያት ለራሷ አንድ እንዳስመጣላት ለምናኝ አስመጥቼላታለሁ።

11 ዓመት የሠራሁት የሜክሲኮ ኩሽና ውስጥ ነው፣ የገባሁት ሳህን አጣቢ ሆኜ። እንግሊዝኛም ስፓኒሽም አልነበረኝም። መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ካሊየንቴ» ነው፤ ትኩስ ማለት ነው፣ ከጀርባዬ ድስት ይዘው ሲያልፉ የሚጮኹት። በኋላ ምጣድ ላይ ስቆም ቶርቲያውን በጭልፋ ልገለብጥ ብል ትልቋ ወጥ ቤት ጭልፋውን ከእጄ ነጥቃ መታጠቢያው ውስጥ ወረወረችው። በጣት! ሦስት ሳምንት የጣቴ ጫፍ ጠቁሮ ነበር። እንጀራ አውጥቼ የማላውቅ ይመስል።

ፍርፍር ሆነ ያልከው ደግሞ ውርደት እንዳይመስልህ። እነሱም ያደረ ቶርቲያ አይጥሉም። ቆራርጠው ይጠብሱትና ቀይ ወይ አረንጓዴ ሳልሳ (የቃሪያ ስጎ) አፍስሰውበት ቁርስ ያደርጉታል፤ ቺላኪሌስ ይባላል። ባለቤትህ ሳታውቀው የሜክሲኮ ቁርስ ነው የሠራችው፣ እጇን ይባርከው።

ስለ አሳማው፦ ፓስቶር፣ ካርኒታስ፣ ቾሪሶ፣ ቺቻሮን፣ እነዚህን አትንካ፤ አሳማ ናቸው። አሳዳ፣ ሌንጓ፣ ካቤሳ የከብት ናቸው፤ ሌንጓ ምላስ ነው፣ ካቤሳ የጭንቅላት ሥጋ። ትሪፓ አንጀት ነው፣ ዱለት የሚወድ ሰው ይወደዋል። ቢርያ የሚሉት የሥጋ ወጥ በትውልድ አገሩ፣ በሜክሲኮ ሐሊስኮ፣ የፍየል ነው፣ እዚህ አሜሪካ የምታገኘው ግን አብዛኛው የከብት ነው። ፖዮ ዶሮ።

የሚያታልልህ ሥጋው አይደለም፣ ቦሎቄው ነው። ታሽቶ የሚቀርበው ቦሎቄ ብዙ ቤት በአሳማ ሞራ ነው የሚጠበሰው፤ የስንዴ ቶርቲያም አንዳንዱ ሞራ አለው። ሞራውን «ማንቴካ» ይሉታል። «ቲዬኔ ማንቴካ?» በል፣ አለው ወይ ማለት ነው። በጾም ቀን ሳይታሽ የተቀቀለውን፣ «ፍሪሆሌስ ዴ ላ ኦያ» የሚሉትን፣ ጠይቅ። ሩዙን ተጠንቀቅ፣ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚበስለው። ድንች፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ኖፓል አለ። መጨረሻ ላይ «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ» ካላልክ ግን አይብ ሳይነሰንሱበት አይሰጡህም። የበቆሎ ቶርቲያው ራሱ በቆሎ፣ ኖራና ውሃ ስለሆነ ጾም ነው።


እንጀራ_በልቶ_አደር፣ ሲያትል

ቆይ ግን፣ ቂጣ ላይ ጥብስ አድርጎ ለሁለት አጥፎ 4 ዶላር መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው? ይሄን አያቴ ለከብት ጠባቂ ነበር የምትቋጥረው።


ባለ18ጎማ

@እንጀራ_በልቶ_አደር፣ አያትህ 405 አውራ ጎዳና ላይ በ4 ዶላር ቢሸጡት እኔም ተሰልፌ እገዛ ነበር።

@ጓዳ_ውስጥ፣ እህቴ እግዜር ይስጥሽ። «ቲዬኔ ማንቴካ»ን መሪው ላይ ለጥፌዋለሁ።


የሜክሲኮ_ልጅ፣ ኦክላንድ

ስሜን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ተወልጄ ያደግሁት ሜክሲኮ አደባባይ ነው፣ ከሸበሌ ሆቴል ጀርባ። ልጅ ሆኜ «ሜክሲኮ» ማለት የታክሲ ረዳት የሚጮኸው ሰፈር ነበር እንጂ አገር መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ባለፈው ዓመት እውነተኛዋን ሜክሲኮ ሲቲ ሄድኩ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ብቻዬን።

ታኮውን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም። ሜትሮው ላይ «ኢትዮፒያ» የሚባል ጣቢያ አለ! ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ። 5 ፔሶ ከፍዬ ኢትዮፒያ ወረድኩ። በኋላ «ፕላሳ ዴ ላ ትራንስፓሬንሲያ» የሚል ስም ጨምረውበታል፣ ሕዝቡ ግን ኢትዮፒያ ነው የሚለው። ነገሩ ከ1928 ዓ.ም.ቱ ወረራ ጋር ይያያዛል፤ ጣሊያን አገራችንን ስትይዝ ለያዘችው አንሰጥም ብለው ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እኛ አደባባይ ሰየምንላቸው፣ እነሱም ሰየሙልን፤ ጃንሆይም በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎብኝተዋቸዋል። አንበሳው ሥር ቆሜ ፎቶ ስነሳ ዘበኛው ምን እንደነካኝ ገርሞት ያየኝ ነበር።

ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ሆስቴሉ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፤ እኔ እዚያው ሰፈሬ የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ራሱ የአዲስ አበባ ነው።

አሁን ወደ ሆዳችን። ጠዋት የምበላው ታኮስ ዴ ካናስታ ነው፣ የቅርጫት ታኮ ማለት ነው። ሰውየው በብስክሌት ይመጣል፣ ከኋላው ትልቅ ቅርጫት አለ፣ ቅርጫቱ በሰማያዊ ፕላስቲክና በጨርቅ ተሸፍኗል። ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊትህን ይመታሃል። ታኮዎቹ ሌሊት ተሠርተው ዘይት ተቀብተው የተደራረቡ ናቸው፣ በራሳቸው ሙቀት ላብ አልቧቸው ይለሰልሳሉ። የድንቹና የቦሎቄው አለ፤ ቦሎቄው ላይ ግን የእህታችንን ጥያቄ ጠይቁ። ቆመህ ትበላለህ። ሳህኑ ፌስታል ለብሶ ነው የሚሰጥህ፤ ስትጨርስ ፌስታሉን ይጥሉና ለሚቀጥለው ሰው አዲስ ያለብሱታል፣ ሳህን ማጠብ የለም። ሒሳብም በእምነት ነው፤ በመጨረሻ «ስንት በላህ?» ይልሃል፣ ትነግረዋለህ፣ ይቀበልሃል። እኔ አንዴ አራት በልቼ ሦስት አልኩና ሁለት መንገድ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ከፈልኩ። ሰውየው ሳቀብኝ፤ ቆጥሮ ነበር ለካ።

ማታ ሱዋዴሮ። ከከብት ሆድ አካባቢ የሚወጣ ሥጋ ነው፣ መሃሉ ጎበጥ ባለ ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ በራሱ ስብ ይበስላል። ለስላሳ ነው፣ ዳሩ ይንኮሻኮሻል። ግን ልብ በሉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ስብ ውስጥ የአሳማ ቋሊማም አብሮ ይዋኛል። አስቀድሜ ባውቅ አልበላም ነበር፤ አምስተኛው ቀን ላይ ነው የነቃሁት። ንስሐ አባቴ ይህን እንዳያነቡ።

በፈረንጆቹ 2024 ሚሼሊን (ለምግብ ቤቶች ደረጃ የሚሰጠው) ኮከብ የሰጠው ታኮ ቤትም አለ፣ ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን፣ ሳን ራፋኤል ሰፈር። ከፈረንጆቹ 1968 ጀምሮ ያለ፣ መቀመጫ የሌለው ጠባብ ቤት ነው። ስስ የከብት ሥጋ፣ ጨው፣ ሎሚ፤ አለቀ። ተሰለፍኩ፣ በላሁ፣ ጥሩ ነው። ልቤ የቀረው ግን እሑድ ጠዋት የበላሁት ባርባኮዋ ላይ ነው። የበግ ሥጋ በማጌይ ቅጠል ጠቅልለው (ማጌይ የእኛ ቃጫ የሚመስል ተክል ነው) ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩታል። የኢዳልጎ ሰዎች ሙያ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የሚገኘው። ከሥር የተጠራቀመውን መረቅ ሽንብራ ገብቶበት በኩባያ ይሰጡሃል። ያን መረቅ ስጠጣ የፋሲካ ማግስት ትዝ አለኝ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

እንግዲህ ስለ ቃጠሎ። «በርበሬ በልቼ ነው ያደግሁት» ብዬ ጉራ ነፋሁ። ልጁ ሁለት ሳልሳ አስቀምጧል፣ ቀይና ብርቱካናማ። ብርቱካናማዋን በማንኪያ ደፋሁባት። አባኔሮ ከሚሉት ኃይለኛ ቃሪያ የተሠራች ነበረች። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ። የእኛ ሚጥሚጣ ይነክስህና ይተውሃል፤ ይቺ ግን ተከራይታ ነው የምትቀመጠው። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አባት ጨውና ሎሚ አቀበሉኝ፣ ምላሴ ላይ አደረግኩት፣ ትንሽ ረዳኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ባለ18ጎማ። ስትበላ ታኮውን ወደ አፍህ አታዘንብለው፣ ይፈስብሃል። ታኮው ቀጥ ይበል፣ አንገትህ ይዘንበል። እግርህን ትንሽ ወደ ኋላ ከፈት አድርገህ ቁም፣ ጠብታው ጫማህን እንዳያገኘው።


ገርጂ_ዙሪያ፣ አዲስ አበባ

ሰላም እህትና ወንድሞች። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ነኝ፣ ማሳ አሪና የሚባለውን ሰፈሬ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ጠይቄ አላገኘሁም። @ጓዳ_ውስጥ እህቴ፣ ኖራውን ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገዝቼ በቆሎውን ራሴ ብቀቅለው ይሆናል?


ጓዳ_ውስጥ

እንዳትሞክሪው እናቴ! ያ ግድግዳ የሚቀባ ነው፣ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ኖራ ካላገኘሽ ተይው።

የስንዴውን ሥሪ። ሰሜን ሜክሲኮ ራሱ፣ ሶኖራ አካባቢ፣ የስንዴ ቶርቲያ አገር ነው፣ ማንም አያማሽም። 3 ስኒ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሢሶ ስኒ ዘይት፤ በእጅሽ ፈትጊው። ከዚያ 1 ስኒ ትኩስ ውሃ ትንሽ በትንሽ። ግማሽ ሰዓት አሳርፊው፤ ካላረፈ በመዳመጫ ስትዳምጪው ወደ ኋላ ይሰበሰባል። 12 ቦታ ክፈይው፣ ከሥሩ ጠረጴዛው እስኪታይ ድረስ አሳሺው። ምጣዱ ዘይት አይነካው፣ በየጎኑ 40 ሰከንድ። ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ አንሺው። እንደ ቻፓቲ ነው፣ ከሠራሽ ታውቂዋለሽ። ውስጡ የተረፈ ጥብስ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በሎሚ።


ዓዲግራት_ናፋቂ፣ ፍራንክፈርት

ቅድም ስሙ ብቻ ያለፈው «ኖፓል» ምንድን ነው ብዬ ፎቶውን ፈለግኩ። ይሄ እኮ በለስ ነው! የእኛ በለስ! ቅጠሉን ይበሉታል ማለት ነው?


ጓዳ_ውስጥ

አዎ፣ በለስ ነው፣ አገሩም ሜክሲኮ ነው። ለጋውን ይመርጣሉ። እሾሁን በቢላ ልጠው፣ እንደ ጣት ቀጭን ቀጭን ከትፈው ከሽንኩርትና ከጨው ጋር ይቀቅሉታል። እንደ ባሚያ ያሙለጨልጫል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ካላለቀለቅሽው አይዋጥልሽም። ከዚያ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። ለጾም ታኮ እንደሱ ያለ የለም፣ ጎምዘዝ ይላል።


ዓዲግራት_ናፋቂ

እኛ ፍሬውን ልጠን እንበላለን፣ ቅጠሉን ግን ሣር ሲጠፋ እሾሁን በእሳት ለብልበን ለላም ነው የምንሰጠው። እናቴ ጋ ደውዬ «ሜክሲኮ ሰው ይበላዋል» ስላት «ድርቅ ገብቶባቸው ነው?» አለች።


ባለ18ጎማ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሪፖርት።

ማሳ አሪናውን ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ወፈሩብኝ፣ አምስተኛው ተነፋ። በሕይወቴ ለሎተሪ እንዲህ አልጮህኩም። ልጄ አሁን መጫኛው የሷ ነው፣ ማንንም አታስነካም፤ በእጇ ስፋት ትለካዋለች፣ ከሰፋ «ይሄ የአባዬ ነው» ትላለች። ትንሹ ደግሞ ሥጋውን ትቶ ባዶውን በጨው ይበላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ዳር ቆማ ነበር የምታየው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ «ልቀቅ እስቲ» ብላ ምጣዱን ወሰደችብኝ። በጣቷ ገለበጠችው። ማንም ሳይነግራት።

ለመንገድ እንዲህ ሆኗል፦ ቦሎቄውን ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እቀቅለዋለሁ፣ በዘይት አሸት አድርጌ በትናንሽ ከረጢት ፍሪዘር። በ12 ቮልት የምትሠራ የምሳ ማሞቂያ ሳጥን አለችኝ፤ ከረጢቷን ከማቆሜ አንድ ሰዓት በፊት እሰካታለሁ። ቶርቲያዎቹን በፎይል ጠቅልዬ፣ መሃላቸው እርጥብ ናፕኪን አድርጌ፣ እላያቸው። አቮካዶ በኪስ ቢላ። ረቡዕና ዓርብ ተፈታ። የሚፈስ ነገር የለም፣ አጋዘን ብትመጣም ትምጣ።

የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ሜክሲኮ ስገባ አንድ ቤት «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ቃሪያውን ነው። የምሆነውን አላውቅም፣ «ሁለቱንም» አልኩ፤ አስተናጋጇ «ገና ገና» ትላለች፣ ለካ ሁለቱንም ለሚፈልግ «ክሪስማስ» ነው የሚባለው። ለዲስፓቸሬ፣ ጭነት ለሚመድብልኝ ሰው፣ ስለዚህ «ክሪስማስ» ሳወራ ለበዓሉ ብዬ ሎድ ልሰርዝ የደወልኩ መስሎት ደንግጦ ነበር።

አሁን ዋናው። ባለቤቴ አንድ ብልቃጥ አዋዜ ለሴኞራ ላከችላቸው። ሐሙስ ዕለት ኤል ፓሶ ደረስኩ፣ ሰጠኋቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ ዝም አሉ። ቶርቲያ ቀደዱ፣ ጫፉን ነከሩ፣ ቀመሱ። ዝም አሉ። ከዚያ አሳዳ አንድ ታኮ ሠሩ፣ ሎሚውን ትተው አዋዜውን አደረጉበት፣ ለኔ የሰጡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፣ ራሳቸው በሉት። ሁለት ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃል። አፋቸውን ጠርገው ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል አጠገብ አስቀመጡትና በጣታቸው እያመለከቱ ምን ምን እንደገባበት ይጠይቁኝ ጀመር። በርበሬውን «ቺሌ» አልኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱን «አሆ» አልኩ፣ ዝንጅብሉን በስልኬ አሳየሁ። «አይደለም፣ ሌላ ነገር አለ» ይላሉ፣ አፍንጫቸውን እየነኩ። ኮረሪማው ነው የያዛቸው። ስልኬ ምንም አላወጣልኝም።

@ጓዳ_ውስጥ፣ ማክሰኞ ተመልሼ እዚያ ነኝ። ኮረሪማ በስፓኒሽ ምንድን ነው?


ጓዳ_ውስጥ

እኔ የማውቀው የስፓኒሽ ስም የለውም። «ካርዳሞሞ» ብትላቸው ሄሉን ነው የሚያስቡት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ እፍኝ ሳይፈለፈል ይዘህላቸው ሂድ፣ ራሳቸው ይሰይሙት።


ባለ18ጎማ

ባለቤቴ እየቋጠረች ነው። ሞሶብም ጨምራለች፣ ትንሿን።